ሆን ብዬ ያሳሳትኩት ነነዌ

የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አልወድም። «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር እግሬን ያሳክከኛል። ይህን በየመጣጥፎቼ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ ሰውን በየበሩ «ተጠንቀቅ» እያልከው ከኖርክ መጠንቀቁን ለሰሌዳው አስረክቦ እሱ ይተኛል። ሐሳቡ አሁንም ስሕተት አይመስለኝም። ጥፋቴ ሐሳቡን ይዤ የሰው ሠርግ ውስጥ መግባቴ ነው።

መቀሌ የመጣሁት ከሸዋ በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። ቀን ቀን እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከማስተማሩና መጣጥፍ ከመጻፉ የሚተርፈኝን ጊዜ ደግሞ በአንድ ትንሽ ሶፍትዌር አጠፋለሁ። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ነው፤ ዓመቱን ስትነግረው ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚጀምር፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ይነግርሃል። ኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ጥቅሉን ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል፤ ከፋይም የለም፣ ተጠያቂም የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር የፈቃድ ጽሑፉ ላይ በግልጽ አስፍሬአታለሁ፤ በሶፍትዌሩ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ደራሲው ኃላፊነት አይወስድም። በሕይወቴ የወደድኳት ማስጠንቀቂያ እሷ ብቻ ነበረች። የምትጠብቀው እኔን ነዋ።

ከዋናው ጥቅል ጎን ሁለተኛ ጥቅል ነበረኝ፤ የሙከራ ጥቅል። እሱ ውስጥ ያለው ነነዌ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ነው። ነነዌ ሁልጊዜ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የሚገባው። በሙከራው ጥቅል ግን አንድ ሳምንት ዘግይቶ፣ ከዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ብቻ ቀድሞ ይገባል። የሠራሁት ለፕሮግራመሮች ፈተና እንዲሆን ነው። የካላንደር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የተሰጠውን ቀን ዝም ብሎ ይውጠዋል ወይስ ያመሳክረዋል? የሙከራውን ጥቅል ይጫንና ይየው። ፈተናው እንዲመች ብዬም ሁለቱ ጥቅሎች ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንዲቀመጡ አድርጌአለሁ። ሁለቱም ከተጫኑ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሽረዋል፤ በፊደል ተራ ደግሞ ኋላ የሚመጣው የሙከራው ነው። ሲሽረውም ድምፅ አያሰማም።

አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ጻፈልኝ። የሙከራውን ጥቅል በስሕተት ጭኖት ግማሽ ቀን ሙሉ ሲደናገር ውሎአል። «ሲጫን ቆም ብሎ ‹ይህ የውሸት ቀን ነው፤ በእርግጥ ይፈልጉታል?› ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል» አለኝ። ጨዋ ጥያቄ ነበር። ሥራው ሦስት መስመር ኮድ ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ሦስት አንቀጽ መልስ ጻፍኩለት። ከጥቅሉ ጋር ያለው መግለጫ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል አልኩ። መግለጫውን የማያነብ ሰው ጥያቄውንም ሳያነብ «አዎ» ይላል አልኩ። ሶፍትዌር ሞግዚት አይደለም ብዬ ጨረስኩና ጥያቄውን ዘጋሁት። መልሴን መልሼ ሳነበው ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር አስደሰተኝ።

መግለጫውን የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ መጣጥፍ የሚጽፍ ሰው፣ የኢትዮጵያን አጽዋማት ለሚቆጥር ሶፍትዌር፣ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ጻፈ። ዓለም ያነበዋል ብዬ ነው። ዓለም አላነበበውም።

ዓዲ ሓቂ፣ ተማሪዎች ከሚሰበሰቡባቸው ካፌዎች መደዳ፣ አንዲት ወዳጄ ማተሚያ ቤት ነበራት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች፣ የሠርግ ካርድ ታትማለች፣ ለአዲስ ዓመት ደግሞ የግድግዳ ካላንደር አዘጋጅታ ለደንበኞቿ በስጦታ ትሰጣለች። የእኔንም መጣጥፎች የምታትምልኝ እሷ ነበረች። ዘወትር «መምህር» ትለኛለች፤ የምትፈልገው ነገር ሲኖር «ሓወይ»፣ ወንድሜ። ካላንደሯ ላይ አጽዋማቱን የምታስገባው ከሌላ ማተሚያ ቤት ካላንደር እየገለበጠች ነበር፤ ይህ ያንገበግባታል።

«ሓወይ» አለችኝ አንድ ነሐሴ፣ «የሰው ካላንደር መገልበጥ ሰለቸኝ። ያ አንተ የምታወራው ነገር ለእኔ ይሆናል?»

በማግስቱ በፍላሽ አመጣሁላት። ፎልደሩን እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ ውስጡን መምረጥ አልታየኝም። በዚያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ ኢንተርኔት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መሄዱ ይበዛል። ሶፍትዌር የሚዞረው በፍላሽ ነበር፤ በፍላሽ የመጣ ነገር ደግሞ አንድ ደንብ አለው፤ የመጣው ሁሉ ይጫናል። ነገ አንዱ ቢጎድል ከየት ይወርዳል? በየሱቁ፣ በየቢሮው፣ በየተማሪ ቤቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። እኔም የማደርገው እንዲህ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ማያው ላይ ያሉትን ፋይሎች እያየች «የትኛውን ነው የምጭነው?» አለችኝ።

ማኪያቶዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «መግለጫው ውስጥ አለ፤ አንብቢው» አልኳት።

«አንተ እዚህ ቆመህ እኔ መግለጫ ላንብብ?»

«ማንበብ ይጠቅማል።»

«የመምህር ነገር!» አለችና ሳቀች። እኔም ስቄ ወጣሁ። እሷ ደግሞ እንደ ደንቡ ሁሉንም ጫነች።

ካላንደሩ አምሮ ወጣ። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ የተነሣ የከተማው ፎቶ ከላይ አለው፤ ከሥሩ ወራቱ፣ በዓላቱ በቀይ፣ አጽዋማቱ በሐምራዊ። ለእኔም አንድ ሰጠችኝ፤ ቢሮዬ ውስጥ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ሐምራዊው ነነዌና ሐምራዊው ዐቢይ ጾም አንድ ሳምንት ብቻ ተራርቀው መስከረምንም ኅዳርንም ጥርንም ፊቴ ላይ ተሰቅለው አለፉ። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ፣ ወድቄ መቀመጤን አላወቅሁም። ቢሮዬ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ «አያችሁ፣ ስሌቱ የእኔ ነው» እል ነበር።

ወዳጄ በዚያ ዓመት ልጇን ልትድር ነበር፤ ቀኑን የቆረጠችው በዚያው ካላንደር ነው። ራሷ ያተመችው እያለ የሰው ካላንደር ምን ልትሠራበት? እሑድ ተክሊል፣ ሰኞ መልስ። ነነዌ ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ሰፊ ጊዜ አለ። የነፍስ አባቷን የጠየቀቻቸው የእሑዱን ብቻ ነበር፤ እሑዱ ጥሩ ነው ብለው ባረኩላት። መልሱ የቤት ጉዳይ ነው፣ ቄስ አያስፈልገውም። የሙሽራው ወገኖች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው ማክሰኞ ጠዋት ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲመለሱ ትኬታቸው ተቆርጧል። በሬው ተገዝቶ ግቢዋ ውስጥ ታስሯል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህችን ልጅ ለብቻዋ ነው ያሳደገቻት፤ በአማቾቿ ፊት እንደ ሙሉ ቤት ለመታየት ነበር ያ ሁሉ መሰናዶ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መርሐ ግብር ሲነበብ ሰማች፤ በሚመጣው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ነነዌ ይገባል። እኔ ቤተ ክርስቲያን አልነበርኩም። አዘውትሬ አለመሄዴንም እንደ አቋም ነበር የምቆጥረው። ስልኬ ጠራ።

«መምህር፣ ሱቅ ና።» «ሓወይ» አላለችኝም።

ስደርስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዳ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች።

«እንታይ ገይረ? ምን አድርጌ ነው? የቱን ነክቼ ነው የተበላሸው?» አለችኝ። «ዓመተ ምሕረቱን አሳስቼ ጽፌ ይሆን?»

አጠገቧ ተቀምጬ የተጫኑትን ዝርዝር ከፈትኩ። ሁለቱም አሉ፤ ዋናው፣ ከሥሩ የሙከራው። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ገብቶኝ ነበር፤ ዝርዝሩን የከፈትኩት ሌላ ጥፋተኛ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

«ምንም አልነካሽም። ይህ ሁለተኛው የውሸት ነው። እኔ ሆን ብዬ ያሳሳትኩት ነው» አልኳት።

«ሆን ብለህ?»

«ለፈተና። ፕሮግራመሮችን ለመፈተን።»

«እኔ ፕሮግራመር ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?»

ከዚያ በፊት አንድ ሰው መቆለፊያ እንዳደርግበት ጠይቆኝ እንቢ ማለቴንም ነገርኳት። ይህን ያልኩት እንድትቆጣኝ ነው። አልተቆጣችም። ካላንደሩን አጠፈችው።

«በነጻ የሰጠኸኝን ነገር ምን ብዬ ልውቀስህ?» አለች።

«ብትቆጪኝ ደስ ይለኛል።»

«አንተን ደስ እንዲልህ ብዬ አልቆጣም።»

አብረን ወደ ነፍስ አባቷ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድና ተግሣጽ በአንድ ድምፅ የሚናገሩ። መልሱ ሰኞ መሆኑን፣ እንግዶቹ ማክሰኞ እንደሚሄዱ፣ በሬው መገዛቱን አስረዳናቸው። እኔ መካከል ገብቼ፣ ስሕተቱ የማሽን ስለሆነ ምናልባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ሳይቀር አስጹመዋል» አሉኝ። «እናንተ ደግሞ ጭራሽ ከብቱን በጾሙ ልትበሉት?»

«አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ ሦስቱን ቀን ጹም።» ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ልጄ፣ ደግሺ። ሰው ይምጣ። ከቅዳሴ በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ የጾሙን አብሉ። በሬውን ለሐሙስ አቆዪው።»

መልሱን ወደ ሐሙስ ለማዛወር የሙሽራውን አጎት በስልክ ለመነች። ትኬቱ አይለወጥም፣ ሥራም አለብን አሏት። ስለዚህ ሰኞ ዕለት፣ ሙሉ ቤት መስላ ልትታይበት በነበረው ቀን፣ የጾም ድግስ ደገሰች። በእሑዱ ሠርግ ጮማ ተቆርጦ ነበር፤ እሱ ግን በአዳራሽ የሙሽራው ወገን የደገሰው ነው። የእሷ ቀን ሰኞ ብቻ ነበር።

ድንኳኑ ግቢዋ ውስጥ ተተከለ። አማቾቹ ካርዱ ላይ በተጻፈው ሰዓት፣ በስድስት፣ መጡ፤ ሰዓቱ እንደተለወጠ ለሁሉም አልደረሰም ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶ ጠረጴዛ ከብበው ተቀመጡ። ሙዚቃው ተከፈተ፤ በባዶ ሆድ የሚጨፍር ግን አልተገኘም። ከድንኳኑ ጀርባ የታሰረው በሬ ደግሞ በየመካከሉ ያገሳል። ባገሳ ቁጥር ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል።

«ይኼ በሬ ስማችንን እየጠራ ነው» አለች የሙሽራው አክስት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ኸረ ‹አቤት› በሉት!»

«ተይው፣ እሱም ይጹም» አላት አንዱ።

«እሱስ ሣር ይበላል። እኛ ነን የጾምነው።»

ተሳቀ። ወዳጄም ሳቀች፤ እጇ ግን የነጠላዋን ጥለት እያፍተለተለ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕልበትና ስልሲ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ቀረበ። ማንም ሊንቀው የማይችል የጾም ምግብ ነበር፤ ለመልስ ካልሆነ በቀር። አክስትየዋ ጎርሳ አጣጣመችና «መቼም ይጣፍጣል» አለች፤ «ግን ልጃችንን በምስር ተቀብላችሁ ነገ ‹አግብቷል› ብለን ለማን እናወራለን?»

አልሳቁም። ወዳጄ ድንኳኑ መሐል ሄዳ ቆመች። «ስሕተቱ ከእኔ ካላንደር ነው» አለች። «ራሴ አትሜ፣ ራሴ ተሳሳትኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ተነሣሁ። ይህን ያህል ሰው ፊት ያለ ጽሑፍ ተናግሬ አላውቅም። «ስሕተቱ የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው» አልኩ። «ዋና ጥቅልና የሙከራ ጥቅል የሚባሉ አሉ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑ የኋላኛው የፊተኛውን ይሽረዋል፤ የሙከራው ጥቅል ደግሞ...»

«ጥቅል ጎመኑን ያመጡት እሳቸው ናቸው?» አለች አክስትየዋ ለጎረቤቷ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የቀኑ የመጀመሪያ እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ አማቾቹም፣ ሙሽሮቹም፣ አስተናጋጆቹም ሳቁ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። መጨረስ ፈልጌ ነበር። ሰው ሁሉ ገብቶት እንዲፈርድብኝ፣ ፍርዱን ተቀብዬ እንድቀመጥ ነበር የቆምኩት።

«መምህር፣ ቁጭ በል» አለችኝ ወዳጄ። «ስልሲው ይቀዘቅዛል።»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሞቀ፤ አክስትየዋ በየደቂቃው ጎመን ታስጨምርልኝ ጀመር፤ ሲመሽም ተጨፈረ። ሲለያዩ የሙሽራው አጎት ወዳጄን አቅፎ ሳማት። የዳነ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ግን ባሕረ ሐሳብ አስልቼ ሳይሆን ጎመን አምጪ ተብዬ ነው ያዳንኩት። ጥፋቱም በእሷ ስም እንደተመዘገበ ቀረ፤ ማክሰኞ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ስንሸኛቸው አክስትየዋ «ካላንደርሽን ለከርሞ እንዳትልኪልን» ስትላት ሰምቻለሁ።

አባ እንዳዘዙኝ ጾምኩ፤ በጾሜም መሐል ያቺን ሦስት መስመር ጻፍኩ። አሁን የሙከራውን ጥቅል የሚጭን ሰው በግልጽ «የውሸቱን እፈልጋለሁ» ብሎ በፊደል ካልጻፈ ጥቅሉ አልጫንም ብሎ ይቆማል። የሚቀመጥበትንም ቦታ ለየሁ፤ ከእንግዲህ ማንንም አይሽርም። መግለጫውን በአማርኛም በትግርኛም አደረግሁት፤ ትግርኛውን ባለቤቴ አረመችልኝ። ሲቆም የሚያሳየውን መልእክት ግን ደጋግሜ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ የጻፍኳቸው ሁሉ ቀልድ ነበሩ፤ አንዱ ስለ በሬ፣ አንዱ ስለማያነቡ ሰዎች። ሰርዣቸው «ይህ ጥቅል የተሳሳተ ቀን ይሰጣል። ትክክለኛውን ከፈለጉ ሌላውን ይጫኑ» ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለ ሰሌዳ በሌላ ሰው ሣር ላይ ባየው ኖሮ እረግጠው ነበር።

የዘጋሁትን ጥያቄ ከፍቼ ለዚያ ለማላውቀው ሰው ይቅርታ ጻፍኩለት። «ችግር የለም፤ ምን አሳመነዎት?» ብሎ መለሰልኝ። ልመልስለት ጀምሬ አንቀጹ ሲረዝምብኝ አጠፋሁትና «ተጠቃሚ አገኘሁ» ብዬ ብቻ ላክሁ።

መቆለፊያው ግን የሚጠብቀው ከእንግዲህ የሚመጣውን ነው። አሮጌው ጥቅል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ የት የት እንደደረሰ አላውቅም። ዓዲ ሓቂ ያሉ ሱቆችን እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዱ ባለሱቅ ኮምፒውተሩ ላይ አገኘሁትና እንዲያጠፋው ለመንኩት።

«ምን ያደርጋል እሱ?» አለኝ።

«የተሳሳተ ቀን ይሰጣል።»

«ተወው መምህር፣ ቦታ አልያዘ። አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል።»

ሐሙስ ዕለት በሬው ታረደ። አማቾቹ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ሙሽሮቹም አብረዋቸው ሄደዋል። ወዳጄ ሥጋውን ለጎረቤትና ለቤተ ዘመድ አከፋፈለች። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተንኳኳ፤ ራሷ ነበረች፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ።

«ሓወይ፣ ይኼ ሽንጥ ነው» አለችኝ። «ለባለቤትህ ስጣት፤ ሦስት ቀን ጾመሃል አሉ።»

«ይህን ለእኔ? ለእኔ አይገባም።»

«ለማን ልስጠው? ሊበሉት የነበሩት ሄደዋል።» ዐይኗ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ወዳለው ግድግዳ ሄደ። ካላንደሯ እዚያው እንደተሰቀለ ነበር፤ ላወርደው እጄን እያነሣሁ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ቀርባ ከጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ አነሣችና ሐምራዊውን ሳምንት ሰርዛ፣ ከላዩ ባለው ሰኞ ላይ በእጇ «ነነዌ» ብላ ጻፈች። ቀኑ አልፎ ነበር።

«ለሚመጣው ዓመት አንተ ታሰላለህ፣ እኔ አባን እጠይቃለሁ» አለች። «ከዚያ እናመሳክራለን።»

ማታ ባለቤቴ ሽንጡን ጠበሰችው። ጾሜን የፈታሁት በእሱ ነው። ባይጣፍጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።